ዱቡሻ ላይ የተዘረጋው ባዶ ሳጥን

ቶሎ የምደነግጥ ሰው አይደለሁም። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ በወንድሞች መሀል ብቻዬን ሴት ሆኜ ነው ያደግኩት። ቦርሳዬ ውስጥ እንቁራሪት ሲከቱብኝ አውጥቼ መልሼ የምወረውርባቸው ነበርኩ። ስለዚህ የጋሞ ደጋ ካምባ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ምላሴ ተሳሰረ ስላችሁ ለወሬ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ።

ያኔ ሚሌኒየሙን ካከበርን ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አርባ ምንጭ አስተምራለሁ፣ የዶክትሬት ጥናቴን ደግሞ በኮሚክ ላይ እሠራለሁ። በሳጥን በሳጥን ተከፋፍሎ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ማለቴ ነው። በምርጫ ሰሞን ጋዜጣ ላይ የወጡትን፣ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚሉትን፣ ግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው የሚያድሏቸውን ሁሉ ሰብስቤ ቤቴ መተላለፊያ አጥቷል። ባልደረቦቼ «ዶክተር ካርቱን» ይሉኛል። እናቴ ጎረቤት ሲጠይቃት ታፍርብኛለች፤ «ያው ስለ ሥነ ጽሑፍ ነው የምታጠናው» ብላ ትሸፍንልኝ ነበር።

እኔ ግን የያዝኩት ነገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በኮሚክ ውስጥ ትልቁ ነገር የሚፈጸመው በሳጥኖቹ መካከል ነው። አንዱ ሳጥን ላይ ሰውዬው ዱላ ያነሳል፣ ቀጣዩ ላይ ሌላኛው ወድቋል። የመታው ማነው? ሠዓሊው አልሳለውም፤ አንባቢው ነው በልቡ የመታው። የትኛው ሳጥን ይሳል፣ የትኛው ይዘለል ብሎ የሚወስነው ደግሞ ሥልጣን ያለው ወገን ነው። ፖለቲካው እዚያ ላይ ነው ያለው። አቤት፣ ይህንን ስናገር የነበረኝ ኩራት! ክፍል ውስጥ ቾኩን እንደ በትረ መንግሥት ነበር የምይዘው።

ይህንን በሰው ለመሞከር አንድ መላ ዘየድኩ። ቃል የሌለው ባለ አራት ሳጥን ታሪክ ይሳላል፣ ሦስተኛው ሳጥን ባዶ ይተዋል። ሰው ያየዋል፣ በባዶው ውስጥ ምን እንደተፈጸመ ይነግረኛል፣ እኔ የከተማውንና የገጠሩን መልስ አወዳድራለሁ። በቃ ይኸው ነው።

ሥዕሉን እንዲሠራልኝ የጠየቅኩት በከተማችን ሲቀላ ሰፈር የሱቅ ታፔላ የሚጽፈውን ታደለን ነው። እጁ ወርቅ ነው። አባቱ ጋሽ ኦቻ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆችን መረብ ይጠግናሉ። ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ከደጋ በአንድ የቆየ ጠብ የተነሳ እንደወረዱና ተመልሰው መሄድ እንደማይችሉ ታደለ አንዴ ነግሮኛል። «አባቴ የሚፈልገው አገሩ መቀበር ብቻ ነው፤ እሱም አልሆነለትም» ነበር ያለኝ። ከየትኛው ደጋ፣ ምን ዓይነት ጠብ ብዬ አልጠየቅኩም።

«ታዴ፣ ታሪኩን አንተ ፍጠረው። ብቻ ሦስተኛዋ ሳጥን ባዶ ትሁን። ያየ ሁሉ ‹እዚህ ጋ ምን ተፈጠረ?› ብሎ እንዲጨነቅልኝ ነው የምፈልገው» አልኩት።

ብሩሹን በቀለም ቆርቆሮው አፍ ላይ አንጠባጠበ።

«ቲቸር፣ የት የት ነው የምታሳዪው?»

«እዚህ ሲቀላ፣ ጫሞ ዳር፣ ዶርዜ፣ ካምባ።»

«ካምባም ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። ምነው?»

«ምንም። እንደሱ ከሆነ በወረቀት አይሆንም። ብዙ ሰው እንዲያየው በአቡጀዴ ላይ ልሥራልሽ።»

ሠርቶ ሲያመጣው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በመጀመሪያው ሳጥን ሁለት ሰዎች ገበያ መሀል ከአንድ በሬ አጠገብ ቆመው ይጣላሉ፤ አንዱ ጣቱን ሌላው ዓይን ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረውም። በሁለተኛው የሞላ ወንዝ ዳር ደርሰዋል፤ አንደኛው የበሬውን ገመድ እጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞታል። ሦስተኛው ባዶ ነው። በአራተኛው ሌላኛው ሰውዬ ብቻውን በሬውን እየጎተተ ይሄዳል።

«ገመዷ አራተኛዋ ላይ ለምን አጠረች? የተቆረጠች ትመስላለች» አልኩት።

«እንዲሁ ናት» አለኝ።

የሠዓሊ ነገር ብዬ ተውኩት።

ሲቀላ ያሉት ሥዕሉን ገና ሳይጨርሱ «ገደለው!» አሉ። ጫሞ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ተያይተው ሳቁና «አዞ ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?» ብለው ገላገሉኝ። ዶርዜ ላይ ሸማኔዎቹ ሥራቸውን አቁመው ተከራከሩ፤ አንዱ ሰውዬው ድርሻውን ሸጦ በሌላ መንገድ ሄደ ሲል ሌላው «ታዲያ ገመዱን ማን ቆረጠው?» ብሎ አፋጠጠው። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ከእያንዳንዱ ሰፈር አንድ የተለየ ሦስተኛ ሳጥን ይዤ ተመለስኩ። የቀረኝ ካምባ ነው።

ካምባ የገበያ ቀን ደረስኩ። የሚያስተረጉምልኝ ደምሴ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር፣ የዚያው አገር ልጅ ነው። ልንጠቀምበት ያሰብነው አዳራሽ በስብሰባ ተይዞ ቆየን። ወዲያ ወዲህ ስል ከገበያው ከፍ ብሎ ያለ ሰፊ መስክ አየሁ። ትልልቅ ዛፎች አሉት፣ ዙሪያውን መቀመጫ የሚሆኑ ድንጋዮች አሉት።

«ደምሴ፣ ከዚህ የተሻለ የት እናገኛለን? አቡጀዴውን በሁለቱ ዛፎች መሀል እንወጥረዋለን።»

«ይሄ እኮ ዱቡሻ ነው ቲቸር» አለኝ። «ሕዝብ የሚመክርበት፣ ጠብ የሚዳኝበት ቦታ ነው።»

«ታዲያ አይቻልም?»

«ሥዕል ማየት ብቻ ከሆነ... ሽማግሌዎቹ ይፈቅዱ ይሆናል።»

ፈቀዱ። እንዲያውም የሽማግሌዎቹ አንጋፋ አቶ ሾንጋ ራሳቸው ከፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እየመጣ ቆመ። አቡጀዴውን ወጠርነው። ሰዉ አየ። እኔም እንደለመድኩት ጮክ ብዬ፣ «በሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ምን የተፈጸመ ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ደምሴ ወደ ጋሞኛ መለሰው።

ዝም። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም።

እንደገና ጠየቅኩ። አሁንም ዝም። ሲቀላ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጩኸታቸው አያስቀምጠኝም ነበር። ከፊት የቆሙት ዓይናቸውን ከሥዕሉ ላይ አልነቀሉም፤ ፊታቸው ግን ደስ አይልም። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፣ ቶሎ እናደዳለሁ።

«ደምሴ፣ ጨዋታ ነው በላቸው እንጂ! ትክክልና ስህተት የለውም። የመሰላቸውን ይበሉ!»

ደምሴ አልተረጎመውም። ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። አቶ ሾንጋ ግን አማርኛ ይሰማሉ ኖሮ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እዚህ ቦታ ‹መሰለኝ› አይባልም። ያየ ይናገራል፣ ያላየ ዝም ይላል። ዱቡሻ ላይ የዋሸ ሰው ጎሜ ይይዘዋል። ጎሜ ማለት ክልክሉን የጣሰ ሰው ላይ የሚመጣ ነው። ልጁም ከብቱም ደህና አይሆንም።»

እኔን አያድርጋችሁ! ይሄ ሁሉ አገር ሞልቶ፣ ፈጠራ ታሪክ ይዤ የመጣሁት ፈጠራ ወደማይነገርበት ቦታ ነው። ጥናቴ ዓይኔ እያየ ገደል ገባ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አላወቅኩም» ብዬ አቡጀዴውን ልፈታ ወደ ዛፉ ሄድኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ተናገረ።

ዘወር ስል አንድ ቀጭን ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ከተቀመጡበት ተነስተዋል። አቶ ጫሬ ይባላሉ። በዱላቸው ጫፍ አራተኛው ሳጥን ላይ ያለችውን የተቆረጠች ገመድ ያሳያሉ። የተናገሩት አጭር ነው፤ ሰዉ ግን ሲሰማ አንድ ላይ ተንፈስ አለ።

«ምን አሉ?» አልኩ። «ደምሴ! ምን አሉ?»

«‹ባዶ አይደለም› ነው የሚሉት... ‹እኔ አይቻለሁ› ነው የሚሉት።»

እኔ ሞኟ ደስ አለኝ! እንኳን አንድ ሰው ተገኘ ብዬ መቅረጸ ድምፄን ከፍቼ ጠጋ አልኩ።

አቶ ጫሬ ቀስ እያሉ ተናገሩ፤ ደምሴ በሹክሹክታ እየተከተለ ይነግረኛል። ወንዙ ሞልቶ ነበር አሉ። ሳዶ የበሬውን ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ ገባ። ኦቻ ከኋላው ነበር። መሀል ላይ በሬው ሲንሸራተት ሳዶንም ጎትቶ አሰጠመው። ኦቻ ዘሎ ገባ፣ ቢላውን አወጣ፣ ሳዶን ከበሬው ለማላቀቅ ገመዱን ቆረጠ። ሳዶ ተላቀቀ፣ ግን ውሃው ወሰደው።

«ቢላው የነካው ገመዱን ብቻ ነው» አሉ አቶ ጫሬ። «ኦቻ ወንዙ ዳር እየሮጠ ጮኸ። ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። በሬውን ጥሎ ሊሄድ ነበር፤ ሄዶ ተመለሰ። ‹የሳዶ ልጆች ነው› ብሎ ይዞት ሄደ።»

መቅረጸ ድምፁ እጄ ላይ ነው። ይህ ፈጠራ እንዳልሆነ ሲገባኝ ወደ ደምሴ ዞርኩ።

«ደምሴ፣ ሳዶ ማነው? ኦቻ ማነው?»

«ሁለቱ አማቾች ነበሩ። በደርግ ጊዜ ነው ነገሩ። ገበያ ላይ በሬ ሲገዙ ተጣልተው ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። ከዚያ ኦቻ ብቻውን በሬውንና የተቆረጠውን ገመድ ይዞ መጣ። ሬሳም አልተገኘ። በሬውን ፈልጎ ሳዶን ገድሎት ነው ተባለ። የነፍሰ ገዳይ ቤተሰብ ከሟች ወገን ጋር አንድ አገር ስለማይኖር ተሰደዱ።»

«አሁን የት ናቸው?»

«አርባ ምንጭ። መረብ ይጠግናሉ ይላሉ።»

ክው አልኩ። ጋሽ ኦቻ! ደጃፍ ላይ በሄድኩ ቁጥር «ደህና ዋልሽ» የሚሉኝ ሰውዬ! «ካምባም ትሄጃለሽ?» ያለኝ ታደለ! እኔ ጥናት የማጠና መስሎኝ ለካ የሰው ጥያቄ በሁለት ዛፍ መሀል ወጥሬ ቆሜያለሁ።

«ደሙን አልታረቁም?» አልኩ።

«ስንቴ ተለመኑ! ዱቡሻ ላይ ቆመው ‹ገድያለሁ› ካሉ ታርቀው ይገቡ ነበር። እምቢ አሉ። ‹ዱቡሻ ላይ ቆሜ አልዋሽም› አሉ። በዚሁ ሃያ ዓመት አለፈ።»

ይህንን ነግሮኝ ሳይጨርስ ከሰዉ መሀል አንድ ግዙፍ ሰው ተነሳ። የሳዶ ታላቅ ወንድም ነው። ዱላውን ይዞ ወደ አቶ ጫሬ መጣ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፣ ሴቶች ጮኹ፣ ጎረምሶች ዱላቸውን አነሱ። እኔ እንደ ጅብራ ተገትሬያለሁ። አምላኬ፣ ሥዕል ይዤ መጥቼ ሰው ላስገድል ነው!

አቶ ሾንጋ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደፈጠኑ አላውቅም። ከእግራቸው ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይዘው ሰውዬው ፊት ተንበረከኩ። ሌሎቹም ሽማግሌዎች ተከትለው ሣር እየነጩ በረድፍ ተንበረከኩ። ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ አይታለፍም። ሰውዬው ቆመ። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«እናቴ ኦቻን እየረገመች ነው የሞተችው!» ብሎ ጮኸ። «ጫሬ! አንተ የኛው ወገን! በቀብሯ ላይ ከጎኔ ቆመህ ነበር! የት ነበርክ እስከዛሬ?»

አቶ ጫሬ አልሸሹም። ያኔ ከውትድርና አፈሳ ሸሽተው ከወንዙ በላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ነበር። አይቻለሁ ቢሉ እዚያ ምን ትሠራ ነበር ይባላሉ፤ እሳቸውም የደበቋቸውም ይታሰራሉ። ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ዝምታው ራሱ ወንጀል ሆኖባቸዋል፤ በዚያ ላይ መመስከሩ በራሳቸው ወገን ላይ ነው። ዱቡሻ በተቀመጠ ቁጥር «ኦቻ ገደለ አልገደለም» ተባለ እንጂ «ያየህ ተናገር» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

«ልጆቼን ቀበርኩ። ከብቴ አለቀ። ጎሜ እንደያዘኝ አውቃለሁ» አሉ። «ዛሬ ይቺ ልጅ መጥታ በዱቡሻ ላይ ባዶውን ቦታ አሳየችኝ። ምን ሆነ ብላ ጠየቀች። ከዚህ ወዲያ ዝም ብል ውሸት ነው።»

አቶ ሾንጋ ቆመው ቃሉን ደግመው እንዲናገሩ አደረጓቸው። ደገሙት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሥዕሉን የሳለው ማነው?» አሉኝ።

«የኦቻ ልጅ ነው» አልኩ። ከዚያ በኋላ ጉልበቴ ከዳኝና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ በአንድ ኢሱዙ ጋቢና ተጭኜ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ታደለን የምሰድበው ስድብ ሳዘጋጅ ነበር። ሲቀላ ስደርስ ቦርሳዬን እንኳን ቤቴ አላስቀመጥኩም።

«አንተ! ልታስገድለኝ ነበር? ምናለ ብትነግረኝ?»

ታደለ መሰላል ላይ ነበር። ወረደ። ስድቤን አልሰማውም፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ብነግርሽ ትወስጂው ነበር?» አለኝ። ከዚያ፣ «ሦስተኛውን ሳጥን ምን አሉት?»

ቁጣዬ ሁሉ ጠፋብኝ። ነገርኩት። ጫሬ የሚባል ሰው እንዳየ፣ ዱቡሻ ላይ ቆሞ እንደመሰከረ፣ ሽማግሌዎቹ መልእክተኛ እንደሚልኩ ነገርኩት። ታደለ በቀለም እጁ ፊቱን ሸፍኖ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ጋሽ ኦቻ መረቡን ጭናቸው ላይ እንደያዙ ሰምተዋል። ደስ ይላቸዋል፣ እልል ይላሉ ብዬ ነበር። ሰውዬው ግን ደነገጡ። እንደዚያ የደነገጠ ሰው ፊት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

«ጫሬ እዚያ ነበር?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ።»

«እኔ ብቻዬን መስሎኝ...» መረቡን አነሱት፣ አስቀመጡት። «ስጮህ ይሰማው ነበር?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስላላመናቸው ብቻ ያዘኑ መስሎኝ ነበር። ለካ ያች ጩኸት አሁንም ጆሯቸው ላይ ነበረች።

እናንተ ይህንን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆንሽ ብትሉኝ፣ የካምባውን መልስ ጥናቴ ውስጥ አላስገባሁትም። ፈታኞቼ «የካምባው ውጤት የት ሄደ?» ሲሉኝ «ካምባ ላይ ባዶ ሳጥን አልተገኘም» ብዬ መለስኩ፤ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ትምህርቴን ጨርሻለሁ፣ ዶክተር ካርቱን በእውነትም ዶክተር ሆናለች። ቾክ ይዤ መኮፈሱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እምቢ አለኝ። የምንዘልለው ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ የሆነ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሲቀላ ላይ «ገደለው!» ሲሉ እየሳቅኩ የጻፍኩት፣ አባትዬው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው መረብ እየጠገኑ ነው። ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል።

የእርቁ ቀን እኔም ተጠራሁ። ጋሽ ኦቻ ካምባ ገቡ። በዱቡሻ ላይ የሳዶ ወንድም አቅፏቸው አለቀሰ። በማግስቱ ግን ጋሽ ኦቻ ወንዙን ካላየሁ አሉ። ታደለ፣ ደምሴ፣ አቶ ጫሬና እኔ አብረን ወረድን። ወንዙ ሞልቶ ያጓራል።

«የት ነበርክ?» አሏቸው አቶ ጫሬን።

አቶ ጫሬ ከበላይ ያለውን ቁጥቋጦ በዱላቸው አሳዩ። ጋሽ ኦቻ እያረፉ ዳገቱን ወጡና እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩት።

«ወንዙ ዳር ውረድና ጩህ።»

«ምን ብዬ ልጩህ አባ?»

«እኔ ያልኩትን። ‹ሰው የለም ወይ?› በል።»

ታደለ ወረደ። ደምሴ እጄን ያዘኝ። ከታች፣ ከውሃው ጩኸት በላይ፣ የታደለ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ሰው የለም ወይ?»

ጋሽ ኦቻ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይሰማል» አሉ።

አቶ ጫሬ እግራቸው ሥር ወደቁ። ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ጋሽ ኦቻ ሣሩን አልተቀበሉም፣ አልገፉም። ታደለ ሁለተኛ ጮኸ። ሦስተኛ ሲጮህ ጋሽ ኦቻ ጎንበስ ብለው ሣሩን ከአቶ ጫሬ እጅ ወሰዱ፣ ክንዳቸውን ይዘው አስነሷቸው፣ ጎን ለጎን ወደ ወንዙ ዞረው ቆሙ።

«መልስለት» አሏቸው።

አቶ ጫሬ ድምፃቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ።

«አለ! ሰው አለ!»